አቀንጭራውን ማን ዘራው?

አንድ ማሽላ አራሽ ነበር፤ እንድሪስ ይባላል። ሚስቱ ሐዋ ከአፏ ይልቅ ዓይኗ የሚሠራ ቁጥብ ሴት ናት። ነጃት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰች።

በዚያ ዓመት ሐዋ ብልቷ ላይ ትንንሽ ኪንታሮት ወጣባት። አያምም፤ ግን ያሳፍራል። ልጅ ሳለች “ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል” ሲባል ሰምታለች። የአሁኑ የወጣበት ቦታ ግን በኮከብ የሚሳበብ አልነበረም። ለማን ይነገራል? በሯን ዘግታ በምላጭ ቆረጠችው። ደማ፣ ደረቀ፤ ጥቂት ሰንብቶ በቆረጠችው ዙሪያ በዝቶ ወጣ።

አንድ ቀን ባሏ አየው።

“ይሄን ከየት ነው ያመጣሽብኝ?” አላት።

“እኔም አላወቅሁም።”

“አላወቅሁም ይባላል? እንግዲህ ማሽላው እስኪሰበሰብ ነው። ከዚያ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ። ነጃት እዚሁ ትቀራለች።”

ሐዋ አላለቀሰችም። በነጋታው ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ መርምራት እንዲህ አለቻት፦

“እህቴ፣ ይሄ በዓይን በማይታይ ቫይረስ የሚመጣ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ይተላለፋል። ምላጭ ዳግመኛ እንዳታስነኪው፤ ታሰራጪዋለሽ። እኛ በመድኃኒት እናጠፋዋለን። ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል ግን እየተመላለስሽ ትታያለሽ። ባልሽም ይምጣና ይታይ። እስክትድኑ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ጨርሶ ባይከለክለውም ይቀንሰዋል።”

“ከማን ነው የመጣው?” አለች ሐዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“እሱን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ምንም ሳያሳይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ይሄ ኪንታሮት ራሱ ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሚያመጡ ክፉ ዘመዶች ስላሉት ግን የማኅፀን በር ምርመራ እንዳትተዪ። ሴት ልጅ አለሽ?”

“አለችኝ።”

“የዚህን ቫይረስ መከላከያ ክትባት ልንሰጥ ትምህርት ቤት ስንመጣ ተከትባለች?”

“አልተከተበችም” አለች ሐዋ። የዚያን ቀን “ልጄን መሀን ሊያደርጓት ነው” ብሎ ነጃትን ከትምህርት ቤት ያስቀራት እንድሪስ ነበር።

ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደች። አቀንጭራ ማሽላውን ወርሶታል። ይህ አረም ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ቆይቶ፣ ጉዳቱን ከጨረሰ በኋላ ነው አምሮ ብቅ የሚለው። እንድሪስ ያበበውን እየነቀለ፣ አፈሩን እያራገፈ ወደ ድንበሩ ይወረውራል።

“የነጃት አባት፣ ይሄን ማን ዘራው?” አለችው።

“አቀንጭራን ማን ይዘራል!” አለ ቀና ሳይል። “ነገር ካማረሽ ሂጂ ከፍየሎቹ ጋር ተጨቃጨቂ።”

“መሬቱን ከአባትህ ስትረከብ ነበረበት?”

“ላይ ላዩ ንጹሕ ነበር። ዘሩ እኮ እንደ ትቢያ ነው፤ ማሽላ እስኪያገኝ ተኝቶ ይከርማል። ጎርፍ ያምጣው፣ ከገበያ የገዛነው ዘር ያምጣው፣ የሰው በሬ በሰኮናው ያምጣው፣ አላህ ነው የሚያውቀው።”

“ታዲያ ‘ከየት አመጣህብኝ’ ብለህ መሬቱን ፈታኸው?”

የነቀለው አቀንጭራ እጁ ላይ ቀረ።

“እኔ ካንተ በፊት በልጅነቴ ተድሬ ነበር፤ ታውቃለህ” አለች። “አንተም ሳታገባኝ ለሰሊጥ አጨዳ ስንት አገር ዞረሃል፤ ጠይቄህ አላውቅም። ካንተ ወዲህ ግን ወላሂ ሌላ ወንድ አላውቅም። ነርሷ ‘ባልሽም ይምጣ’ ብላለች።”

እንድሪስ እጁን ተመለከተ፤ ከዚያ እግሩን። ከአበባው የረገፈው ዘር ጫማው ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ጆንያ አነሳና ድንበሩ ላይ የጣለውን ሁሉ መልቀም ጀመረ። ከማሳው አውጥቶ ጉድጓድ ውስጥ በደረቅ አገዳ አቃጠለው።

“እኔም አለብኝ” አለ ከጭሱ ማዶ። “የአንቺን ከማየቴ በፊት ነው ያየሁት። ትንሽ ነበረች፤ አፍሬ ዝም አልኩ።”

ሐዋ ብዙ ልትናገር ትችል ነበር። ልጇን ሊነጥቃት የነበረው ሰው ነው ይህን ያለው።

“ቀድሞ ያበበ ሁሉ ቀድሞ የተዘራ አይደለም” አለችው። “ነገ አብረን እንሂድ።”

አብረው ሄዱ፤ አብረው ታከሙ። የሐዋ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ታክማ ዳነች። ማሽላው ተሰበሰበ፤ ወደ አባቷ ቤት የሄደ ሰው ግን አልነበረም። ክትባቱ ዳግመኛ ሲመጣ እንድሪስ ነጃትን በእጁ ይዞ ወሰዳት። በመንገድ ላይ ጎረቤቱ “ደህና የነበረችውን ልጅ ምን ሆነች ብለህ ነው የምታስከትባት?” ቢለው፣ “ማሳ የሚጠበቀው አረሙ ሳይገባበት ነው” ብሎት አለፈ።

ከኀፍረት የተነሣ የደበቅነው በሽታ በጨለማ ይበዛል፤ በምላጭና በጭቅጭቅ ስንነካው ደግሞ ይበተናል። ያመጣውን ሰው ስንፈልግ መታከሚያው ጊዜ ያልፋል፤ ከበሽታው ይልቅ ጥርጣሬው ቤት ያፈርሳል። ምልክቱን ያየ ይታይ፣ ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፣ ልጆች በጊዜው ይከተቡ።

አንተስ፣ አንቺስ፦ ቤታችሁ አረም ቢበቅል አስቀድማችሁ የምትጠይቁት የዘራውን ነው ወይስ የሚነቀልበትን መንገድ?