የትውልድ ቆጣሪው ይሉኝታ

ትውልድ በመቁጠር የታወቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አቶ ደርሰህ ይባላሉ። በአገራቸው ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘመዳሞች ሳያውቁ እንዳይጋቡ። የሙሽራውም የሙሽሪትም ወገን ታዲያ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። መዝገብ የላቸውም፤ ሁሉንም በቃላቸው ነው የሚያወርዱት።

አንድ ዓመት ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ብርድ ነው ብለው በዝንጅብልና በማር ሊያባብሉት ሞከሩ። አልሻል ሲላቸው ከተማ ሄደው ታዩ። ሐኪሙ ሰው አክባሪ ነበር። ራሱ ደግፎ አስቀመጣቸው፣ ከጉሮሯቸው ናሙና ወስዶ አስመረመረ፣ ውጤቱንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

"አባቴ፣ ካንሰር ነው። ማንቁርትዎን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይኖርብናል። ይድናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንደ ድሮው መናገር ግን አይችሉም።"

ቤት እንደገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች "ሌላ ሐኪም ይይህ" አሏቸው።

"እንዴት ተደርጎ! እንደ አባቱ ደግፎ ያስቀመጠኝን ልጅ አላመንኩህም ልበለው? ምን ፊት ይዤ ተመልሼ አየዋለሁ?"

"ድምፅህ ሊሄድ ነው፣ አንተ ስለ ፊትህ ትጨነቃለህ!"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ግን የሚለቁ ሴት አልነበሩም።

"ሰዎች ሰባት ቤት አስቆጥረውህ ሲጨርሱ ወዴት ነው የምትልካቸው?"

"ወንዝ ማዶ ላሉት ሽማግሌ ነዋ። እሳቸውም ይቁጠሩት እላለሁ። እኔ አንዲት አያት ብዘነጋ ዘመዳሞች ላጋባ ነው እንዴ?"

"ታዲያ እሳቸው ስለቆጠሩ አንተ ተዋረድክ?"

አቶ ደርሰህ በማግስቱ ለማንም ሳይናገሩ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን "ናሙናውንና የምርመራ ወረቀቱን ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም፤ ከመጀመሪያው ሐኪምዎ ያምጡልኝ" አለቻቸው። የሸሹት ነገር ፊት ለፊት መጣ። ወደ መጀመሪያው ሐኪም ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሲያዘጋጁ ሄዱ።

"ዶክተር፣ ይቺ ባለቤቴ አስቸገረችኝና…" ብለው ጀመሩ። ሐኪሙ አላስጨረሳቸውም።

"አባቴ፣ እኔ የማውቀው ቀዶ ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና የሚያውቅ ሰው እኔ ያላየሁትን ሊያይ ይችላል። ማንቁርት አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ይጠይቁ። እንዲያውም እኔ ራሴ ልልክዎት ይገባኝ ነበር።" ደብዳቤ ጽፎ ናሙናውንም ሰጣቸው።

ሁለተኛዋም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠች። ነገር ግን ገና ስላልተስፋፋ በጨረር እንጀምረው አለች። ለመጀመሪያው ሐኪም ስልክ ደወለችለት፤ ብዙ ተነጋግረው ተስማሙ። ሕክምናው ቀላል አልነበረም። ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ለሳምንታት በአጥሚት ብቻ ከረሙ። በመጨረሻ በሽታው ጠፋ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ተረፈ።

ሁለተኛዋን መርቀው ሲያበቁ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ አፈረ።

"እኔን ለምን ያመሰግኑኛል? ድምፅዎን ልወስደው ነበር እኮ።"

"በሽታዬን ያገኘኸው አንተ ነህ" አሉት። "ያን ቀን ወረቀቱን ስጠይቅህ ፊትህ ትንሽ ጠቆር ቢል ኖሮ፣ እኔ ቤቴ እመለስ ነበር እንጂ ሁለተኛዋ ዘንድ አልደርስም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።" ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ከሰው ያዋድዳል። በሕይወት ጉዳይ ላይ ግን ክፉ አማካሪ ነው። ሌላ ሐኪም መጠየቅ የመጀመሪያውን መናቅ አይደለም። ሁለተኛው ያንኑ ቃል ቢደግመው እንኳ ልብ አርፎ ይታከማል። ለሐኪምዎ ያለዎትን ምስጋና በዝምታ አይክፈሉ፤ ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ አይቀየምም።

እርስዎስ፣ ሐኪሜ ይቀየመኛል ብለው ሳይጠይቁ የተውት ነገር የለም?