ርቦት በቃኝ ያለው ማይክሮፎን

ተረት ልንገራችሁ? «ይነገረን!» በሉ እንጂ፤ ዝም ለሚል ሰው አልጀምርም።

እሺ። ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አባ ይመር የሚባሉ ምርቃት አዋቂ ነበሩ። «ድሮ ኮምፒውተር ነበር ወይ?» የሚል ካለ ዝም ይበል፤ ተረቱ የእኔ ነው።

አባ ይመር ያልመረቁት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። የገዛ ልጃቸው የመዲና ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ፣ «ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ነው። ሕይወትዎ ይተርፋል፤ ድምፅዎ ግን አይመለስም» አላቸው። አባ ይመር፣ «የሰውን ልጅ ሁሉ መርቄ የራሴን ሳልመርቅ!» ብለው አለቀሱ።

መዲና፣ «አባዬ፣ ዛሬውኑ ይመርቁኝ፤ ኮምፒውተሬ ይቅረጸው» አለች። ሄዳም ከአንድ ስቱዲዮ ትልቅ ማይክሮፎን ተዋሰች። የተወለወለ፣ ባለ ሦስት ጥርስ ጌታ ነበር። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚቀበል፣ ሳውንድ ካርድ የሚባል ደግ ባላገር ይኖራል። ቤቱ ሁለት የድምፅ መግቢያ በር አለው፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ። የማይክሮፎን መግቢያ ሮዙ ነው። ሮዙ በር ጠባብ ስለሆነ ባለ ሦስት ጥርሱ ጌታ አይገባበትም። መዲና በአንድ ጫፉ ሦስት ቀዳዳ፣ በሌላው ቀጭን ጭራ ያለው ገመድ ፈልጋ አመጣች። ገመዱ መካከል ገብቶ አማላጅ ሆነ።

ሳውንድ ካርድ በሩን ከፍቶ፣ «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ ጌታዬ» አለ። ያለችውን አምስት ቮልት ኤሌክትሪክ አቀረበ። «በሞቴ ይቅመሱ።»

«በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ማይክሮፎኑ።

ውሸቱን ነው! የዚህ ዓይነት ማይክሮፎን አርባ ስምንት ቮልት ካልበላ አፉ አይከፈትም። ግን በሰው ቤት ራበኝ ማለት ነውር ነው ብሎ ሆዱን አጥፎ ተቀመጠ።

አባ ይመር እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። መዲና የተቀረጸውን ከፍታ አዳመጠች። ጭጭ።

«ጌታዬ፣ የጎደለብዎ ነገር አለ?» አለ ሳውንድ ካርድ።

«ኧረ ምንም!»

ሳውንድ ካርድ አፈረ። «እንግዲያው ጆሮዬ ነው የደነቆረው» አለ። መዲናም የመቅረጫውን የድምፅ መጠን እስከ ጫፍ ገፋችለት። አባ ይመር እያሳላቸው ሁለተኛ መረቁ። ሲከፈት ሽሽሽሽ የሚል ጩኸት ብቻ ሆነ፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲያንኮራፋም ይሰማል። የሰው ድምፅ ግን የለም። የአባ ይመር ድምፅ መሰባበር ጀመረ።

ገመዱ ተናደደ። «ስማ ጌታው! ሁለት ጊዜ ተመረቀ፣ ሁለት ጊዜ ባከነ። ነገ ይህ ጉሮሮ ይዘጋል። ራበኝ በል!»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ማይክሮፎኑ።

«አዎ፣ ዝንብ አይገባም፤ እህልም አይገባም!»

ማይክሮፎኑ የአባ ይመርን ፊት አየና አንጀቱን በሉት። «ራበኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ምግቤ አርባ ስምንት ነው።»

«አርባ ስምንት!» ሳውንድ ካርድ ጭንቅላቱን ያዘ። «በእኔ ቤት እንኳን ምግቡ ስሙም የለ። ምናለ ቀድመው ቢነግሩኝ? ከጎረቤት እናመጣ ነበር እኮ!»

መዲና ሮጣ ሄደች። ሰፈሩ በለቅሶና በሰርግ ከሚረዳዳበት ከቅሬው ዕቃ ቤት ሚክሰር የምትባል የድምፅ ማቀናበሪያ ከነገመዶቿ አመጣች። ሚክሰሯ ወፈር ያለች፣ ባለ ብዙ ቁልፍ ወይዘሮ ናት። ማይክሮፎኑ ከእሷ ጋር ተገናኝቶ አንዷ ቁልፍ ስትጫን አርባ ስምንቱ ሞልቶ ቀረበ። ማይክሮፎኑ በላ፣ አፉም ተከፈተ። ሚክሰሯ ቀጭን ድምፁን እየተቀበለች አጉልታ ማሳለፍ ጀመረች።

መዲና የሚክሰሯን ገመድ ያው ሮዙ በር ላይ ሰካችው። ሮዙ በር ለሹክሹክታ የተሠራ ነው፤ ሚክሰሯ ደግሞ ጮክ ብላ ካላወራች አይሆንላትም። የሳውንድ ካርድ ጆሮ ሊፈነዳ ደረሰ።

«አስቸገርኩህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ይጩኹ፣ ቤትዎ ነው!»

አባ ይመር ሦስተኛ መረቁ። ሲከፈት ድምፃቸው አለ፤ ግን እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንጫጫል እንጂ አንድ ቃል አይለይም። መዲና አለቀሰች። አባ ይመርም ግድግዳውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ አንዴ ብችል ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ማይክሮፎኑ ወደ ሳውንድ ካርድ ዞረ። «እኔን ራበኝ አሰኝታችሁኝ፣ አንተ አመመኝ ማለት አቃተህ?»

ሳውንድ ካርድ አቀረቀረ። እንግዳን በዚህ በር አትግባ ከማለት ሞቱን ይመርጣል። ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ በር ጆሮዬን ያሳምሙኛል። እንደ እርስዎ ላለ ጮክ ያለ ድምፅ የሚሆነው ሰማያዊው ነው። ደግሞ ትንሽ ዝቅ ቢሉልኝ» አለ።

ሚክሰሯ አልተቆጣችም፤ ሳቀች። «ለዚህ ነው? ታዲያ አትናገርም? ሰርግ ቤት ከፍ በይ፣ ለቅሶ ቤት ዝቅ በይ ሲሉኝ አይደለም እንዴ የኖርኩት!»

መዲና ገመዱን ወደ ሰማያዊው በር አዛወረች፤ ሚክሰሯም ድምፅዋን ቀነሰች። አባ ይመር የቀረቻቸውን ትንፋሽ ሰብስበው መረቁ፦

«ጎጇችሁ ይሙቅ። እህላችሁ አይንቀዝ። ወልዳችሁ ሳሙ። የከፋችሁን ለመናገር የማትፈራሩ ያርጋችሁ።»

ጥርት ብሎ ተቀረጸ። በማግስቱ ጉሮሯቸው ተቀደደ፣ ድምፃቸውም ሐኪሙ እንዳለው ሄደ።

የሰርጉ ቀን አባ ይመር ዝም ብለው ከሽማግሎች መካከል ተቀመጡ። መዲና ኮምፒውተሩን ከፈተች። የአባቷ ድምፅ ድንኳኑን ሲሞላው ሰው ሁሉ «አሚን! አሚን!» አለ። አባ ይመርም ከሰው እኩል እጃቸውን ዘርግተው፣ ድምፅ በሌለው አፋቸው «አሚን» አሉ።

ይሉኝታ ለእንግዳ ጌጥ ነው፤ ሲበዛ ግን የሰው ምርቃት ያስቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ ስጡኝ። ካለም ጠላ ይሁንልኝ፣ ሞላ አድርጋችሁ።