ወለላን ከቦዩ ማን ይፍታት?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ! የአንዲት ላምና የአንድ ዲዳ በርሜል ነገር ላውጋችሁ። በመሀል «ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው ግን እንዳይኖር፤ ራሴ እደርስበታለሁ።

የጭነት መኪና በሚያልፍባት አንዲት ከተማ ጠጅቱ የምትባል ሴት ነበረች። ያላት ሀብት አንዲት ላም ናት፣ ወለላ። ከወለደች ገና ሳምንቷ። ጠጅቱ በማለዳ መንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ አወረደቻት፤ ሣሩ ለምለም ነው፣ ችካል መትታ አሰረቻት። ጀርባዋን ከማዞሯ ሰማያዊ በርሜል የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ጓ! ብሎ በጎኑ ተጋደመ። በርሜሎቹ ተንከባለሉ፤ አንደኛው ተሰንጥቆ ጭስ ጭስ የሚል ውሃ መሳይ ነገር ወደ ቦዩ ያንጠባጥብ ጀመር። ሾፌሩ? ሾፌሩማ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ!

ጠጅቱ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ላሟን። ወደ ቦዩ ስትንደረደር የእሳት አደጋ መኪና ደረሰና ቢተው የሚባል ሰውዬ ዘሎ ወርዶ መንገዷን ዘጋ።

«እትዬ፣ ቁሚ! አትጠጊ!»

«ላሜ ናት! አንተ ፍታልኝ እንግዲህ!»

«አልፈታም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ አልጠጋም። ቆዳ የሚልጥ አለ፣ ተንፍሰሽው የሚጥል አለ፣ ውሃ ሲያገኘው የሚነድ አለ። የምለብሰው ልብስ እንኳ እንደየዓይነቱ ነው።»

«በአፍንጫዬ አሽትቼ እነግርሃለሁ!»

«በአፍንጫቸው ያወቁ ሰዎች ተመልሰው አልነገሩንም፣ እትዬ።»

አይ ንዴት! ጠጅቱ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ቢተው ላሚቱን አይፈታም፤ ወለላ ቦይ ውስጥ ቆማ እምቧ! ትላለች።

ቢተው ነፋሱ ከኋላው እንዲመታው ዞሮ ከጉብታው ላይ ወጣ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነ። መኪናው ላይ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ሰሌዳ የጭነቱን ዓይነት በቁጥር ይነግረው ነበር፤ እሱ ግን ከነመኪናው መሬት ላይ ተደፍቷል። የበርሜሉን ቅርጽ አየ፤ ፈሳሽ መያዣ ነው፣ ይኸን ያህል አወቀ። ምልክቱን ፈለገ፤ በምልክቱ ቦታ ነጭ ቀለም ተለቅልቋል!

«ማነው የደፈነው?» አለ።

ማን መሰላችሁ? በርሜሉን ያስጫነው ነጋዴ ነው! የአደጋ ምልክት ያለበትን በርሜል ባዶውን ለውሃ የሚገዛ የለማ፤ ስለዚህ ገና ሳይጫን ቀለም ይቀባዋል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ይገዛል። ጠጅቱ ጓዳ ራሱ ሁለት አሉ፣ አንዱ የመጠጥ ውሃ የያዘ! ይኸ ትዝ ሲላት ንዴቷ ባሰባት።

«አንተ በርሜል! ስምህን ተናገር!»

በምን አፉ ይናገር? አፉን በቀለም ደፍነውታል። በርሜሉ ስሙን አይናገርም፣ ቢተው ላሚቱን አይፈታም፤ ወለላ ቦይ ውስጥ ቆማ እምቧ! ትላለች።

«የጭነቱ ወረቀት ላይ ይጻፋል» አለ ቢተው። «ወረቀቱ ከሾፌሩ ጋር ነው።»

ሾፌሩ ዘነበ ሮጦ ሮጦ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ የቅጥሩን በር ከውስጥ ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ጠጅቱ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ደረሰች።

«አንተ ወረቀቱን ወዲህ በል!»

«አልሰጥም፣ እናቴ! ሰዉ ዱላ ይዞ ቆሟል። ወረቀቱን ከተቀበላችሁኝ በኋላ ማን ያተርፈኛል? ነፍሴ ያለችው እዚች ኪስ ውስጥ ነው!»

ሾፌሩ ወረቀቱን አይሰጥም፣ በርሜሉ ስሙን አይናገርም፣ ቢተው ላሚቱን አይፈታም፤ ወለላ ቦይ ውስጥ ቆማ እምቧ! ትላለች። ያ የሚጨስ ነገር ደግሞ ሣሩን እያጠቆረ ሄዶ ሄዶ ከላሚቱ አሥር እርምጃ ቀርቶታል።

ጠጅቱ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረች።

«አባ፣ ይኸን ሰው አውጡልኝ!»

«አላወጣም፣ ልጄ። ደጀ ሰላሙን የያዘ ሰው ያለ ዋስ አይወጣም። ዋስ ጥሪና ውሰጂ።»

«ላሜ ልትሞት ነው፣ እርስዎ ዋስ ይሉኛል?»

«ላምሽም ነፍስ ናት፣ እሱም ነፍስ ነው።»

ቄሱ ሾፌሩን አያወጡም፣ ሾፌሩ ወረቀቱን አይሰጥም፣ በርሜሉ ስሙን አይናገርም፣ ቢተው ላሚቱን አይፈታም፤ ወለላ ቦይ ውስጥ ቆማ እምቧ! ትላለች። ስድስት እርምጃ!

ዱላ ይዞ ወደቆመው ሰው ጮኸች። «ከእናንተ አንድ ዋስ የሚሆን ወንድ ይጥፋ?»

ቆዳ ፋቂው ተሰማ ዱላውን ተደግፎ ሳቀባት። «ምን ነካሽ ጠጅቱ? የተቆጣነው ላንቺ ብለን አይደል? ላሟ የምትሞትባት አንቺ፣ እኛ ለገዳዩ ዋስ እንሁን? ተበዳይዋ ሳትምር ማን ዱላውን ይጥላል!»

ሰዉ ዱላውን አይጥልም፣ ቄሱ ሾፌሩን አያወጡም፣ ሾፌሩ ወረቀቱን አይሰጥም፣ በርሜሉ ስሙን አይናገርም፣ ቢተው ላሚቱን አይፈታም፤ ወለላ ቦይ ውስጥ ቆማ እምቧ! ትላለች። አራት እርምጃ!

ጠጅቱ በንዴት ጦፈች። ይኸን ሾፌር በጥርሷ ብታገኘው ደስታዋ ነው! ለእሱ ዋስ? እሷ? ሁሉም ዓይን ግን እሷው ላይ ነው። ወለላ አንዴ ጮኸች፤ ድምጿ ሰልሏል።

«በቃ!» አለች ጠጅቱ፣ ደረቷን እየደቃች። «እኔ ዋሱ ነኝ! እሱን የነካ እኔን ነካ! ዱላህን ጣል፣ ተሰማ! ጣል አልኩህ!»

ይኸኔ ምን ሆነ? ሰዉ ዱላውን ጣለ፣ ቄሱ ሾፌሩን አወጡ፣ ሾፌሩ ወረቀቱን ሰጠ፣ ወረቀቱ የበርሜሉን ስም ተናገረ።

«አሲድ ነው!» አለ ቢተው። «ውሃ እንዳታስነኩት፣ ይፈላል! አሸዋ!»

የጎማ ልብሱን ለበሰ፣ ጭንብሉን አጠለቀ። ጓደኞቹ ቦዩን በአሸዋ ገደቡ፤ እሱ ገብቶ ገመዱን በቢላ በጠሰው። ወለላ ሽምጥ ጋለበች፣ ጠጅቱ ተከተለቻት፤ ከጉብታው በላይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ኮቴዋን አሳዪኝ፣ ሳላየው ቤት አትወስጃትም» አለ ቢተው። አገላብጦ አየ። ደህና ነበር።

ዘነበ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ማፈግፈግ ሲጀምር ጠጅቱ የኮቱን እጅጌ ለቀም አደረገችው።

«ወዴት? ፖሊስ ጣቢያ ነው መንገድህ። ቀለሙን የቀባውን ነጋዴ ስም እዚያ ትናገራታለህ!»

«እናቴ፣ ማርሽኝ አይደል እንዴ?»

«ማን ማረህ? ዋስህ ነኝ እንጂ! ብትጠፋ እኔ ነኝ የምታሰረው፣ ወለላን ማን ሊያልባት ነው? ቅደም!»

እንዲህ አድርጋ በግራ እጇ ላሟን፣ በቀኟ ሾፌሩን እየጎተተች በከተማው መሀል አለፈች፤ ላሚቱ በደህና ሄደች፣ ሾፌሩ ግን ጎታች አስፈለገው። የእኔ ነገር እዚህ ተፈታ፤ የፈለገ እንደገና ይቋጥረው።