ለፈላጊው ያልተነገረ ደጅ

ሚስቱን ቃሬዛ ያተረፈለት አንድ ገበሬ ነበረ። ምጥ ጠንቶባት የአገሩ ሰዎች እየተቀባበሉ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ገበሬው ምስጋናው አላስቀምጥ አለው። ጠንካራ እንጨት መርጦ፣ በጠፍር ወጥሮ ከአሮጌዎቹ የሚሻል ቃሬዛ ሠራና ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ሰቀለው። «ለቸገረው ይሁን» አለ በልቡ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም፤ እዩልኝ ማለት መሰለውና አፈረ። ትሕትና መሆኑ ነው እንግዲህ።

የአገሩ ሰዎች በሽተኛ ለመሸከም ያቋቋሙት ማኅበር ነበራቸው፤ የማኅበሩ ቃሬዛ የሚፈለግበት ቦታ የታወቀ ነበር፤ መጀመሪያ የማኅበሩ ዳኛ ቤት፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ። የማኅበሩ መልእክተኛ ጩኸት ሲሰማ በዚሁ ተራ ይሮጣል እንጂ የሰው ግቢ አይበረብርም። አንድ ቀን የገበሬው ጎረቤት ምጥ ያዛት። መልእክተኛው ዳኛው ቤት ቢደርስ ቃሬዛው ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል፤ ወፍጮ ቤት ያለው ተሰብሯል። ተመልሶ «የለም» አለ። ሴትዮዋን በጋቢ ተሸክመው ወሰዷት፤ የተረፈችው ለጥቂት ነው።

ገበሬው ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«ዓይንህ የት ሄዶ ነው? በደጄ እኮ ነው ያለፍከው!»

«ወንድሜ፣ አንተ ደጅ ፈልግ ያለኝ ማን አለ?»

ገበሬው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣና «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ የእኔም ደጅ ይፈለግ» አለ። ዳኛው ተቀበለው፤ ግን ይህ አልበቃውም። መልእክተኛውን «አሁኑኑ ሂድና ቦታውን አይተህ ና» ብሎ ሰደደው።

ከሰነበተ በኋላ ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ መስቀያው ባዶ ነው። አንድ የተቸገረ ሰው በእሱ ቃሬዛ መንገድ ላይ ነበር። ባዶውን መስቀያ እያየ «ተመስገን» አለና እንባው መጣ።

ልጄ ትርሲት፣ «ላይብረሪው ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ፋይሉን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን አጣሁት ብሎ አልነሣም ይለኛል፤ ለምን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቃሬዛው ያ ላይብረሪ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ። መልእክተኛው ደግሞ ፕሮግራም ሲነሣ ላይብረሪ ፈልጎ የሚያመጣለት የሲስተሙ ጫኚ ነው፤ የተነገሩትን ፎልደሮች በተራ ያያል፣ ሌላ ቦታ አይበረብርም። አንቺ ላይብረሪውን በራስሽ ፎልደር ሰቅለሽ ዝም ብለሻል፤ ከዚያ ትቆጪዋለሽ። የፎልደሩን አድራሻ ጫኚው በሚመራበት የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ጻፊ። ዳኛው መልእክተኛውን እንደ ሰደደው፣ አንቺም የሚያውቃቸውን ቦታዎች እንዲያድስ ትእዛዝ ስጪ። ያን ላይብረሪ ስሙን እንኳ የማታውቂው ሰው ደክሞ በነጻ ሰጥቶሻል። ስጦታው ቤትሽ ድረስ መጥቷል፤ ደጁን ለፈላጊው መናገር ብቻ ነው የቀረሽ።