ለጥምቀት የተሸፈነው መስኮት

ያንን የመሰለ ያማረ ሰፈር ለወሬ ማቅረብ ነውር ነው፤ በዓሉም ይቆጣ ይሆናል። ሰሚ ይቅርታ ያድርግ።

በአንድ ወቅት፣ ለጥምቀት ግድግዳው ሳይቀር አዲስ ልብስ በሚለብስበት ሰፈር፣ እማማ ዘመናይ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ» ካለ በኋላ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«የዘንድሮን ታቦት በዚች መስኮት አይቼ ልሙት። ያሳየኝን እመርቃለሁ። ትንፋሼ የሚበቃው ለአንድ ምርቃት ነው፤ አትቀየሙኝ።»

በያጁ ልጃቸው ምናለ፣ «ሽው ብሎ ካለፈማ ምን አየች ይባላል?» አለ። የሰፈሩ ወጣቶች ታቦቱን አስቁመው የሚዘምሩት ካማረው ደጅ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲበይድ ከርሞ እናቱ ደጅ ላይ የብረት ቅስት አቆመ፤ በሪባን ጠቀለለው። የበዓሉ ኮሚቴ አይቶ «ዘንድሮ እዚህ ነው!» አለ። እማማ ሰምተው አለቀሱ። ቅስቱ የመስኮቱን እኩሌታ ጋርዷል፤ ግን ልጅ እንዲያ ደክሞ ይህ ይነገራል?

ልብስ ሰፊዋ የሺወርቅን ደግሞ አንዲት ጎረቤት በነገር ወጋቻት። «አንቺ፣ ታቦቱ የሚቆመው እናትሽ ደጅ ነው ወይስ የፈረሰ ወፍጮ ቤት?» የሺወርቅ የተሰነጣጠቀውን ግድግዳ ከጣራ እስከ መሠረት ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። የተረፈው የመስኮት እኩሌታም አብሮ ለበሰ።

«እማዬ፣ ውጭው እንዴት እንዳማረ ብታዪው!»

«በምን ልየው ልጄ?»

«በስልክ አንስቼ አሳይሻለሁ።»

ባጃጅ ነጂው ጌታሰው እስከ በዓሉ ድረስ ሚስማር እንኳ አላቀበለም። ታቦቱ ሲመለስ፣ ደጁ በእልልታ ሲናወጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ። እናቱ ጨርቁን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር።

«አለፈ?»

«ኧረ ቆሟል፣ እማዬ። እዚሁ ነው።»

ቢላ አንስቶ ጨርቁን በአንድ ምት ቀደደው።

ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር የሕዝቡ ዓይን ገባ። ስልኮች ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሳምንቱን ሙሉ ቅስቱ ሪባን፣ ግድግዳው ልብስ አግኝቷል፤ የእማማን ጸጉር ያበጠረ ግን አልነበረም። የሌሊት ልብሳቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል። ሦስት ዓመት ሰው ያላያቸው ሴት ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ሳቡ።

«ዝጋው! ዝጋው ልጄ፣ አዋረድከኝ!»

ዝማሬው አለቀ። ታቦቱ ሄደ። እማማ ከጋቢው አልወጡም።

ሦስቱ ልጆች አልጋው ሥር ተንበረከኩ።

«ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለ ምናለ።

«ገመናዋን የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለች የሺወርቅ።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ጌታሰው።

ከጋቢው ሥር አንድ የቀጠነ እጅ ወጣ። ከሦስቱ ራስ በላይ አየር ላይ ቆመ። የእማማ ትንፋሽ እያጠረ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ እጁ በማን ራስ ላይ ይረፍ?

የፈረዳችሁትንም ለማንም አትንገሩ። ሰፈሩ በጌጡ የታወቀ ነው፤ ስሙ እንዳይጠፋ፣ አደራ፣ ወሬው ከዚህ አይውጣ።