ወሬ ዝንጀሮ ያባርራል ወይ?

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ተድላ፣ ጮክ ብለው።

ደብሬ ጥያቄዋን ገና መጨረሷ ነበር። የስኳር ክትትል ቀናቸው ሆኖ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ስኳር ከያዛት አራት ዓመቷ። ሰሞኑን አንዳንድ ቀን መርፌዋን ሳትወጋ እየዋለች ነው። ሐኪሟ ቅድም ይህን ሲሰማ አልተቆጣትም፤ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ «ሰባት ቁጥር ግቢና የሥነ ልቦና ባለሙያዋን አነጋግሪ» አላት። ወረቀቱን በመዳፏ ጨምድዳ ይዛዋለች። «ጋሼ፣ እኔን ያመመኝ ስኳር ነው እንጂ እብደት ነው እንዴ? ወሬ ስኳር ያወርዳል?» ነበር ያለቻቸው። ጋሽ ተድላ ሃያ ስድስት ዓመት ኢንሱሊን የወጉ ጡረተኛ አናጢ ናቸው። ቀስ ብሎ ማውራት አያውቁም፤ ምሳሌ ሲጀምሩ ደግሞ እጃቸው ከአፋቸው ይቀድማል።

አንድ ሰው ነበረ፤ የቆላ ገበሬ። መሬት በዕጣ ሲከፈል ለሌላው ሜዳው ደረሰ፣ ለእሱ የገደሉ አፋፍ። ምን አጥፍቶ? ምንም! ዕጣ ነዋ! ገደሉ ውስጥ ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ ይኖራል። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ገበሬው አራት እንጨት ተከለ፣ ከላይ ረበረበ፣ ማማ ሠራ። ድንጋዩን ከምሮ፣ ወንጭፉን ይዞ ወጣ። የዓመት ቀለቡ፣ የልጆቹ ጉሮሮ ያ ማሽላ ነው፤ ሌላ የለውም።

ጎበዝ ጠባቂ ነበር፣ እንዳትንቂው! ወንጭፉ ሲጮኽ ገደሉ ያስተጋባል። ግን ዝንጀሮ እሑድ አያውቅ፣ ፋሲካ አያውቅ። ሰው ሠርግ ሲጠራ እሱ ማማ ላይ ነው። ሰው ለቅሶ ሲደርስም እሱ ማማ ላይ ነው።

መንገደኛው በታች በኩል ያልፋል። «እንዴት ነህ? ማሽላው እንዴት ነው? ዝንጀሮው ዛሬ ስንት ራስ በላ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን!» ይላል ከላይ።

አንዱ «ድንጋይህን በርከት አድርገው እንጂ» ይለዋል። ሌላው «አደራህን! ከወንዝ ማዶ አንዱ ትንሽ ቢያሸልብ እርሻውን ድምጥማጡን አጠፉበት» ብሎ አስደንግጦት ይሄዳል። የእኛ ሰው ማጽናናቱ እኮ ነው! ገበሬው ለሁሉም «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ነው መልሱ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ሆዱማ እየፈጀው ነበር። አንዲት ራስ በተበላች ቁጥር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። «ሰነፍ ነኝ፣ ሰው አይደለሁም» ይላል ለብቻው። እያደር የተበላውን ማየት ጠላ፤ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ጠባቂ ጀርባውን ለዝንጀሮ ሲሰጥ አስቢው እንግዲህ!

ደብሬ እዚህ ላይ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። ውስጡ ያለውን የስኳር መለኪያ ካወጣችው ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር።

አጨዳው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጠራራ ፀሐይ መንጋው ወጣ። ገበሬው ሰማ። ድንጋዩ እግሩ ሥር ክምር ነው፤ ወንጭፉም እጁ ላይ ነው። እጁ ግን አልነሣ አለው። ከማማው ወረደ። «ይብላው! ማሽላውንም እኔንም ይብላን!» ብሎ መንገድ ዳር ዘጭ አለ።

መንገደኛው ከቦ ወረደበት። «ልጆችህን በረሃብ ልትፈጅ ነው?» ይለዋል አንዱ። «አሁን አንተ ወንድ ነህ?» ይለዋል ሌላው። እሱ እቴ! ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሐል አንዲት ባልቴት በርበሬዋን ተሸክማ ወደ ገበያ ስታልፍ ደረሰች። ቀና ብላ ማማውን አየች። «ድንጋዩ ሞልቷል፣ ወንጭፉም አልተበጠሰ። ታዲያ ምን ጨምር ነው የምትሉት?» አለቻቸው። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? በርበሬዋን አወረደች፣ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፣ ማማው ላይ ወጣች! በዚያ ዕድሜዋ! እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዉ «ኧረ እማማ፣ ይወድቃሉ!» ይላል፤ እሷ ወገቤን ሳትል ላይ ደረሰች። «ና ውጣ!» አለችው። አሮጊት ወጥታ እሱ በምን ዓይኑ ይቀራል? ወጣ።

«ማሽላውን ለጊዜው ተወው፤ ጥጉን ይብሉት። አንተ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይ...»

«እሱንማ እግዜርም ሰምቶታል! እኔ ይህን ሁሉ የወጣሁት አንተን ብዬ ነው። እንዴት ነህ?»

ያን ሁሉ ቀን ያን ሁሉ ሰው አልፏል፤ ማማው ላይ ድረስ ወጥቶ የጠየቀው ግን የለም። ሆድ ባሰው፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ሰለቸኝ፣ እማማ። ፈራሁ። ቀኑም አያልቅ፣ ዝንጀሮውም አያልቅ። አሁንስ ዝንጀሮውን ትቼ ራሴን ነው የምጠላው።» ባልቴቷ ቶሎ «አይዞህ» ብላ አፉን አልዘጋችውም፤ እስኪወጣለት ሰማችው። ሲጨርስ ትከሻውን ይዛ ወደ ገደሉ አዞረችው።

«የተበላ አለ፤ አልዋሽህም። ያልተበላውንስ ማን አቆየው?»

ቀና ብሎ አየ። ጥጉ ላይ መንጋው ይቦጭቃል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማሽላው ቀልቶ እስከ ድንበሩ ቆሟል! ያን ሁሉ የጠበቀው እሱ ነው። ብድግ አለ። ድንጋይ ጎረሰ ወንጭፉ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ጧ! ደገመ፣ ጧ! አውራው ዝንጀሮ እግሬ አውጪኝ! እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተከተሉት! ባልቴቷ ማማው ላይ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው!

የጋሽ ተድላ ክንድ በአየር ላይ ሲሽከረከር ወንበሩ ላይ ያሉት በሽተኞች ጎንበስ አሉ፤ በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ደብሬም ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ባልቴቷ በየገበያው ቀን እየወጣች ትጠይቀው ነበር። አንዳንዴ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ይሥቃሉ። ማሽላው ታጨደ። ጥጉ ተበልቷል፤ ልጆቹ ግን ጠግበው ከረሙ። ዝንጀሮውስ? ዝንጀሮውማ ገደሉ ውስጥ አለ! ዛሬም አለ!

ጋሽ ተድላ ወደ ደብሬ ዞሩ። «ልጄ፣ ጠየቅሽኝ፤ ልመልስልሽ። ወሬ ስኳር አያወርድም። ባልቴቷ አንዲት ጠጠር አልወረወረችም፤ ያባረረው ገበሬው በወንጭፉ ነው። ወንጭፍሽ መርፌሽ ነው፣ እሱን እንዳትተይ። ግን ሆድ የባሰው ሰው ክንዱ አይነሣም። ሰው ሁሉ በታች እያለፈ ‹ስኳርሽ ስንት ነው?› ይልሻል፤ አንቺም ‹ደህና› ትያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስኳሩን አልደበቅሽም፤ መሰልቸትሽን ግን ደብቀሻል። የገደሉ አፋፍ በዕጣ የደረሰን እኔና አንቺ እብዶች አይደለንም፤ ደክሞን ነው። ይህ የጨመደድሽው ወረቀት የሚልክሽ ማማሽ ላይ ወደምትወጣልሽ ሰው ነው። ከየት አወቁ ትይኝ እንደሆን፣ ያን ሰባት ቁጥር እኔ ሁለት ዓመት ተመላልሼበታለሁ!»

ደብሬ ዓይኗን አፈጠጠች። «እርስዎ?»

«እኔ! በይ አሁን፣ ስኳሩን ተይው። አንቺ እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ እግዜር...» አለችና አቋረጠችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው። «ደህና አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«እሰይ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተድላ፣ ዘበኛው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ። «እሰይ የኔ ልጅ! በይ ተነሽ፣ ይህንኑ ቃል ይዘሽ ግቢ!»