አረንጓዴዋ መብራትና የእማማ ጥሩሰው ሙሾ

ድምፅ በሚቀርጹ ሰዎች ዘንድ አንዲት አባባል አለች። አንዱ ዕቃውን ሰክቶ፣ መብራቱን አይቶ «በርቷል፣ ይሠራል» ሲል፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫውን እያቀበለ ይህችኑ ይለዋል። ለአዲስ ተቀጣሪዎች የጥንት ተረት ትመስላቸዋለች። ቃሏ በእርግጥ የገበሬ ነው። መነሻዋ ግን ጥድ አምባ በሚባል ቀበሌ የተበላሸ ቀረጻ ነው፤ ያበላሸውም ከባልደረቦቹ ሁሉ ጠንቃቃ የነበረው ሰው ነው።

ሰውዬው መክብብ ይባላል። ለአንድ የባህል ጥናት ክፍል እየዞረ የቃል ግጥም ይቀርጻል። ዘመኑ ስልክ ድምፅ በወጉ መያዝ ያልጀመረበት ነበር፤ የመክብብ መሣሪያ አንድ ላፕቶፕና በላፕቶፑ ጎን የምትሰካ፣ መታወቂያ የምታክል የድምፅ ካርድ ነበረች። ማይክሮፎኑ ድምፅ የሚያስገባው በካርዷ በኩል ነው። መክብብ ለመስክ ሲነሣ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ያለው ዝርዝር ያወጣል፤ በአሥራ ዘጠኙም ትይዩ ምልክት ሳያደርግ ከቢሮ አይወጣም። ሾፌሩ ጋሽ ድንቁ «ይሄ ልጅ ሲያገባ ሙሽራዋንም በዝርዝር ነው የሚረከባት» እያሉ ያሙታል።

ለሁለት ዓመት ሲጠብቀው የነበረ አንድ ሙሾ አለ። የጥድ አምባን የሰባት ትውልድ ሰው በስም እየጠራ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደኖረና እንዴት እንደሞተ እየተናገረ የሚወርድ ነው። የሚያውቁት እማማ ጥሩሰው ብቻ ነበሩ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። መክብብ መጀመሪያ ሄዶ ሲለምናቸው ሳቁበት።

«ሰው ሳይሞት ሙሾ ሟርት ነው፣ ልጄ። ማንን ልጥራበት? አንተን?»

«ትንሽ ብቻ፣ እማማ። ለመሞከሪያ።»

«ሞት መሞከሪያ አለው?»

ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ጠበቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአያ ወልደየስ ወንድም ሙት ዓመት ደረሰ። አያ ወልደየስ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው፤ እማማ ጥሩሰውን አስፈቅደው ላኩበት። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ግንቦት አሥራ ሁለት ታወርዳለች። ትንፋሿ እያጠረ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አላወርድም ብላለች።»

መክብብን አንድ ነገር አሳሰበው። ላፕቶፑ ከአርባ ደቂቃ በላይ ሲቀርጽ ሁለት ጊዜ ደርቆ ቆሞበታል፤ የእማማ ጥሩሰው ሙሾ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ «መድኃኒቱ አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ረጅም ፋይል አያስቸግረውም» አለው። ጉዞው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ አሮጌውን አስጠፍቶ አዲሱን አስጫነ። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ መክብብ ዝርዝሩን አውጥቶ ካርዷን ሰካት። ጫፏ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች።

«ካርዷን ሞክረሃታል?» አለው ባለሙያው፣ ቦርሳውን እያነሣ።

«በርታለች» አለ መክብብ፤ በአሥራ አንደኛው ነጥብ ትይዩም ምልክት አደረገ።

በማግስቱ በሰባት ሰዓት ጥድ አምባ ደረሱ። ከአያ ወልደየስ ግቢ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ይወጣ ነበር። ጋሽ ድንቁ ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።

«ይኸው፣ ምሳ ደርሷል። እጄን ብቻ ነው የምታጠበው» አሉ፣ መኪናውን ሳያጠፉ።

አያ ወልደየስ በር ላይ ተቀበሏቸው። ጋሽ ድንቁ ጭሱ ወደሚወጣበት ጓሮ አንገታቸውን ሲያሰግጉ አይተው ፈገግ አሉ።

«ጋን እየታጠነ ነው፣ ወንድሜ። ለነገው ጠላ መቅጃ አንድ ጋን ጎድሎ ነው። ምግቡ ለነገ ነው።»

ጋሽ ድንቁ የዚያን ቀን ቆሎ ብቻ ቆርጥመው ዋሉ። መክብብ እስኪያስለው ሳቀባቸው።

ያን ዕለት ቀረጻውን ሊሞክረው ይችል ነበር። አካባቢው ግን መብራት የለውም፤ ያለው ባትሪ ለነገው ሰዓት ብቻ የሚበቃ ነው። ካርዷን ሰክቶ መብራቷን አየ፤ ወዲያው ነቅሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ባትሪ ቆጠበ።

በነጋው ለሙት ዓመቱ በግቢው የተጣለው ዳስ ሞላ። መክብብ ማይክሮፎኑን ከእማማ ጥሩሰው መቀመጫ ሁለት ክንድ አርቆ ተከለው፤ ገመዱን ሰው እንዳያደናቅፍ በአፈር ሸፈነ፤ ላፕቶፑን ይዞ ከዳሱ ጠርዝ ተቀመጠ። እማማ ጥሩሰው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲነሡ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫነ።

ኮምፒውተሩ ምንም የድምፅ ካርድ አላገኘሁም አለ።

ካርዷን ነቅሎ ሰካት። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ኮምፒውተሩ አሁንም አላገኘኋትም አለ። አጥፍቶ አስነሣው፤ ያው ነው። በዚህ መሐል እማማ ጥሩሰው ጀመሩ። መክብብ ካርዷንና ኮምፒውተሩን የምታስማማው ትንሽ ፕሮግራም ከአሮጌው ሲስተም ጋር አብራ እንደ ጠፋች የገባው ያን ጊዜ ነው። እንደገና የምትገኘው ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ነው፤ ከተማው የአምስት ሰዓት መንገድ ነው።

አንድ ነገር ቀረው። በላፕቶፑ ውስጥ ባለችው ደካማ ማይክሮፎን ለመቅረጽ አቅፎት ወደ እማማ ጥሩሰው ተጠጋ። ደረት የሚደቁት ሴቶች ገፉት፤ ደግሞ ተጠጋ፤ ደግሞ ገፉት። ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አላነሣም። ስለዚህም ከአንድ ሰዓት ከሩብ ሙሾ በጆሮው የቀረችው ይህች ብቻ ናት፦

ሰባት ምሰሶ ነው የቤታችን ቁመት፣
ስድስቱ ሲወድቅ ማን ነበር የቆመለት።

እማማ ጥሩሰው ሲጨርሱ ለመቆም የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራቸውም። ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧቸው። እሳቸውም መክብብን በእጃቸው ጠሩት።

«ያዝኸው?»

ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። የደከመውን ፊታቸውን አየ።

«ይዤዋለሁ፣ እማማ።»

«እሰይ። እንግዲህ እኔን የሚጨንቀኝ ነገር የለም።»

ከተማ ተመልሶ ሰማው። የሚሰማው የላፕቶፑ ማራገቢያ ነው፣ እንደ ወፍጮ የማያቋርጥ ጩኸት። ከኋላው የሴቶች ዋይታ አለ። ከዋይታው ሥር የእማማ ጥሩሰው ድምፅ እንደ ጎረቤት ቤት ንግግር፣ ቃሉ ሳይለይ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ሰማው፤ አንድ ስም እንኳ አልለየም። ባለሙያው አሮጌውን ሲስተም መልሶ ጫነለት፤ ካርዷ ወዲያው መሥራት ጀመረች። መክብብ ወደ ጥድ አምባ ሄዶ እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ ቀን ቆረጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሥራ ተገኘለት።

ጥቅምት ላይ እማማ ጥሩሰው ዐረፉ። ቀብሩ አመለጠው፤ ለሰልስቱ ግን አያ ወልደየስ ግቢ ደረሰ።

በግቢው የተጣለው ዳስ ውስጥ ሙሾ አልነበረም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ቃል ግን አያወጡም፤ የሚያወርድላቸው የለም። አንዷ ጀምራ ሁለተኛው ስም ላይ ጠፋትና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አያ ወልደየስ መክብብን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ብድግ ብለውም አጠገባቸው አስቀመጡት።

«እንኳን መጣህ። ለራሷ የሚያወርድላት አጥተን ተቀምጠናል። የራሷን ድምፅ ይዘሃል አይደል? እስቲ ክፈተውና በገዛ አፏ ትልቀስ።»

ዳሱ ወደ እሱ ዞረ። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቷል፤ ካርዷም ትሠራለች።

«የለም፣ አያ» አለ መክብብ። «አልያዝሁትም። ያን ዕለት ዋሽቻቸዋለሁ።»

አያ ወልደየስ አልተቆጡም። «ሳጥኑ ተሰብሮ ነበር?» አሉ።

«አልተሰበረም። ልቀርጽ በመጣሁበት ዋዜማ ውስጡን በአዲስ ቀየርሁት። አዲሱ ካርዷን አላወቃትም። መብራቷ ግን በርታ ነበር፤ እሱን አይቼ ደኅና ነች አልሁ።»

«ካላወቃት መብራቷ ምን ትሠራለች?»

«መብራቷ ኤሌክትሪክ ደርሷታል ማለት ብቻ ነው። ድምፁ ይገባል ማለት አይደለም። ጆሮዬን ሰጥቼ ማዳመጥ ነበረብኝ።»

የሽማግሌው ዓይን ከመክብብ ተነሥቶ ዳሱ በር ላይ ቆባቸውን አውልቀው ወደቆሙት ጋሽ ድንቁ ሄደ፤ እዚያ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም ያኔ ጋን ወደታጠነበት ጓሮ ዞረ።

ጆሮአቸው የማይሰማ አንድ አዛውንት ከኋላ በዱላቸው አያ ወልደየስን ነካ አደረጓቸው። «ምን ሆንሁ ነው የሚለው ልጁ? ሙሾው የት ሄደ?»

አያ ወልደየስ ወደ አዛውንቱ ጆሮ ጎንበስ አሉና፣ ዳሱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ጭስ አይቶ የጠገበ የለም ነው የሚለው» አሉ።